ምዕራፍ አምስት፦ ደባርቅ ላይ እደሩ

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል ወደ ሰሜን ያቀና መኪና 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ደባርቅ ይገባል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል፤ ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ገደሉን ፈልፍለው የሠሩት መንገድ ነው። ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይወጣል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ስለሆነ መግቢያ የሚከፈለው፣ አስጎብኚ የሚያዘው፣ ስካውት የሚባለው የታጠቀ አጃቢ የሚመደበው፣ በቅሎ የሚከራየው እዚሁ ነው። ብዙ ጎብኚ ግን ይህን ሁሉ ባንድ ሰዓት አጠናቆ፣ ሻይ እንኳ በወጉ ሳይጠጣ፣ በመኪና ወደ ሳንቃበር ወይም ወደ ጨነቅ ይገሰግሳል። ስለ ከተማዋ ቢጠይቁት የሚያስታውሰው ደረሰኝ የተቀበለበትን መስኮት ብቻ ነው።

ይህ ምዕራፍ ለዚያች ከተማ ይከራከራል። ስሜን ላይ በእግር ሲጓዙና በድንኳን ሲያድሩ የሚገጥመው ችግር፣ ራስ ምታቱም፣ ብርዱም፣ የስንቅ ማለቁም፣ ከባለ በቅሎ ጋር መነታረኩም፣ አብዛኛው ደባርቅ ላይ ከተዘለለ ነገር የሚመጣ ነው። ስለዚህ ስለ ገደሉና ስለ ዋልያው ከማውራቴ በፊት መነሻው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ከከፍታው እንነሳ። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደባርቅ 2,850 አካባቢ ትደርሳለች። ከዚያ በኋላ ያሉት የመስፈሪያ ቦታዎች ሳንቃበር 3,250፣ ጊጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ይገኛሉ። የተራራ ሕክምና የሚያውቁ ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስትና አራት ቀኑም አንድ ቀን ሳይወጡ እንዲያርፉ ይመክራሉ። እንግዲህ ደባርቅ ያደረ ሰው በማግሥቱ ሳንቃበር ቢያድር የጨመረው 400 ሜትር ነው። ከሳንቃበር ወደ ጊጭ 350 ይጨምራል። ጊጭና ጨነቅ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። መስፈሪያዎቹ እንደ ቤት ደረጃ አንዱ ካንዱ በልክ ከፍ እያሉ የተቀመጡ ናቸው። ጎንደር አድሮ በመኪና በቀጥታ ጨነቅ ገብቶ ድንኳን የሚተክል ሰው ግን በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ወጥቷል። ሌሊቱን ጭንቅላቱን ይዞ ቢያነጋ የሚገርም አይደለም።

ከፍ ባለ ቦታ ኦክስጅን ያንሳል ሲባል ብዙዎች አየሩ ውስጥ ያለው ድርሻ የሚቀንስ ይመስላቸዋል። ድርሻው አይቀየርም፤ ምጽዋ ወደብም ሆነ ራስ ዳሸን ጫፍ 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ጨነቅ ላይ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል፤ ዳሸን ጫፍ ላይ ከ60 በመቶ በታች ይወርዳል። በአንድ እስትንፋስ ሳንባ የሚደርሰው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት መጀመሪያ የሚሰጠው መልስ ቶሎ ቶሎ መተንፈስና የልብ ምትን ማፍጠን ነው። ነገር ግን ቶሎ ቶሎ ሲተነፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልኩ በላይ ይወጣና የደም አሲድነት ይቀንሳል፤ ያኔ አንጎል እስትንፋሱን መልሶ ይገታዋል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የተኛ ሰው እስትንፋሱ እየተቆራረጠ በድንጋጤ የሚባንነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን መዛባት የሚያስተካክለው ኩላሊት ነው፤ ለዚያም አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ቀይ የደም ሕዋስ ማብዛት ደግሞ የሳምንታት ሥራ ነው። ደባርቅ የምታድሩት ሌሊት ለኩላሊታችሁ የምትሰጡት ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚውልና ስለሚያድር ሰውነቱ የሥራውን ከፊል አስቀድሞ ጨርሶታል። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ለበዓል የመጣው ዘመዱ ግን የመጣው ከባሕር ወለል ነው። ሁለቱ በአንድ መኪና ተሳፍረው ስሜን ሲገቡ አንዱ እያፏጨ ይሄዳል፤ ሌላው በየሃያ እርምጃው ይቆማል፤ ከዚያም «ፈረንጅ ሀገር አለሰለሰህ» እየተባለ ይቀለድበታል። ይህ ቀልድ ሰው ሊጎዳ ይችላል። የተሾፈበት ሰው ሕመሙን ይደብቃል፤ መደበቅ ደግሞ በዚህ ከፍታ ላይ ከሁሉም ነገር የከፋው ነው። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰውም ዓመታት ዝቅተኛ ቦታ ከኖረ እንደ አዲስ መላመድ አለበት። ወጣትነትም ሆነ ስፖርት መሥራት ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ጉልበት ያለው ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ለሕመሙ ራሱን ይበልጥ ያጋልጣል።

ስለ ደጋ ሰው ጥንካሬ ካነሳን እዚሁ ስሜን ውስጥ የተደረገ ጥናት አለ። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመችው ጥናት 3,530 ሜትር ላይ በሚገኘው አምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎችን የሚመለከት ነበር። አምባራስ ከሳንቃበር ወደ ጨነቅ በሚወስደው የመኪና መንገድ ላይ ያለ ቀበሌ ነው። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ደማቸው ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከፍ እንደሚል፣ የቲቤት ሰዎች ደግሞ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ዝቅ እንደሚል ቀድሞ ይታወቅ ነበር። አምባራሶች ላይ ሁለቱም አልተገኙም፤ ሄሞግሎቢናቸውም የኦክስጅን ሙሌታቸውም በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። ዓለም በሁለት መንገድ ብቻ ያውቀው የነበረውን ከተራራ ጋር መላመድ የስሜን ሰዎች በሦስተኛ መንገድ አሳዩ። ስለዚህ ስካውቱ በኮንጎ ጫማ፣ ጠመንጃውን አንግቦ፣ ሳያለከልክ ዳገቱን ሲወጣ ብታዩት እሱን ለመከተል አትሩጡ። በራሳችሁ እስትንፋስ ልክ ተራመዱ። እየሄዱ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

ሕመሙ የሚጀምረው በራስ ምታት ነው፤ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። እዚህ ደረጃ ላይ መፍትሔው ከፍታ አለመጨመር፣ ማረፍና ውኃ መጠጣት ነው። ሰውየው እንደ ሰከረ ሲንገዳገድ፣ ነገር ሲምታታበት፣ ወይም ቁጭ ብሎ እንኳ ሲያለከልክና ሲያስል ግን ፈሳሽ አንጎሉን ወይም ሳንባውን እየሞላው ሊሆን ይችላል። ያኔ ንጋት አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ሰው ደግፎት፣ በቅሎ ከተገኘም በበቅሎ፣ ወዲያው ይውረድ። ሐኪሞች ለመከላከያ የሚያዙት ዳያሞክስ የሚባል መድኃኒት አለ፤ የሰልፋ አለርጂ ያለበትና ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሳያማክሩ ሊወስዱት አይገባም። ስሜን ላይ ሄሊኮፕተር ጠርቶ መዳን የለም። ስልክም በብዙ ቦታ አይሠራም። ቅርብ ያለው ሆስፒታል ደባርቅ ነው፤ ከዚያ የሚቀጥለው ጎንደር ነው።

አሁን ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንግባ። ከዚያ በፊት ግን ገና ጎንደር ሳላችሁ መንገዱን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት አካባቢውን ብዙ ጊዜ ለጎብኚ ዘግተውታል፤ በእንግዳ ይተዳደሩ የነበሩ አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮችና ባለ በቅሎዎችም እንጀራቸው ተቋርጧል። ጉዞውን የምወስነው ትናንት ከደባርቅ የመጣ ሰው አግኝቼ ካነጋገርሁ በኋላ ነው፤ ማንም ከዚህ ባነሰ መረጃ ቤተሰብ ይዞ እንዲነሳ አልመክርም።

በፓርኩ ውስጥ ያለ ስካውት መጓዝ አይፈቀድም። ስካውቱ መሣሪያ ይይዛል፤ ዋና ጥቅሙ ግን እውቀቱ ነው። ጉም ሲወርድ የገደሉን ጫፍ ያውቃል፤ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ ያውቃል፤ ከእረኞችና ከመንደር ሰዎች ጋር የሚያግባባችሁም እሱ ነው። አስጎብኚው ሌላ ሰው ነው፤ ስለ እንስሳቱና ስለ ዕፅዋቱ የሠለጠነ፣ ቋንቋ የሚያውቅ። ብዙ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ «ቋንቋውን አውቀው የለ» ብሎ አስጎብኚ ይተዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። አማርኛ መቻል አስታ የሚባለውን ዛፍ ከአምጃ ለይቶ አያሳይም፤ የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ያለበትንም አይነግርም።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ስንት ቀን፣ ስንት በቅሎ፣ የመመለሻውን ቀን ማን ይከፍላል፣ የሠራተኛው ስንቅ ከማን ነው የሚለው አስቀድሞ ይነገር። ከሁሉ የምትረሳው ይህች የመጨረሻዋ ነች። ጎብኚው የራሱን ፓስታና ቱና ቆጥሮ ይገዛል፤ ስካውቱና ባለ በቅሎው ምን በልተው፣ ምን ለብሰው እንደሚያድሩ አይጠይቅም። ልማዱ የራሳቸውን ዳቦና በሶ መያዝ ቢሆንም ከተራራ ላይ ከሚበስለው ድስት ተካፋይ መሆናቸውን አስባችሁ ሸምቱ። በዕድሜ ከገፋው ስካውት ጋር ስትነጋገሩ ጋሼ፣ አያ ማለት ተገቢ ነው፤ «አንተ» ብሎ የሚያዝ የከተማ ልጅ በማግሥቱ ፊት የነሱትን ሰው ተከትሎ መሄዱ አይቀርለትም።

ከውሉ በኋላ ጓዙ ይፈታ። ደባርቅ ላይ ሻንጣ ፈትቶ ሁሉንም አልጋ ላይ ዘርግቶ ማየት ጥሩ ልማድ ነው፤ የጎደለው ገበያው ውስጥ ይገኛል፤ የተረፈው ሆቴሉ ዘንድ በአደራ ይቀመጣል።

ብርዱን በተመለከተ የሚረዳ ቁጥር አለ፤ በአማካይ በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ደባርቅ ሌሊት ብርድ ልብስ ደርባችሁ ከተኛችሁ ጊጭ ከዚያ አምስት ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ ገምቱ። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚመልሰው ደመና ሳይኖር ወደ ላይ ትለቃለች፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት የድንኳኑ ሸራ በበረዶ ቅንጣት ተሸፍኖ ይገኛል። ሙቀት ከሰውነት የሚሸሽበት ዋናው መንገድ ደግሞ ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ ተደራርቦ ከሥር ስስ ፍራሽ ካለ መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችሁን ይመጥጣል። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ የሚነጠፈውን ግዙ።

ጋቢን እወደዋለሁ፤ እሳት ዳር፣ በደረቅ ሌሊት፣ የሚተካው የለም። ግን ጥጥ ነው። ጥጥ ላብንና ዝናብን ይጠጣል፤ ከረጠበ በኋላም ሙቀት አይይዝም፤ ክብደቱም እጥፍ ይሆናል። የስሜን ሰው ለዚህ ነው ከበግ ጠጉር የተሠራውን ባና የሚደርበው፤ ድሮም ደበሎና በርኖስ የለበሰው። ሱፍ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ ሰውነት ላይ የሚያርፈው የውስጥ ልብስና ካልሲ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን፤ ጋቢው ለድንኳን ይቆይ። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያታልላል። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራልና ሰፊ ባርኔጣ ያስፈልጋል፤ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል።

አንድ ነገር ከልቤ ልለምን። ከሰል ወይም የሚነድ ምድጃ ወደ ድንኳን አታስገቡ። በየክረምቱ በዝግ ቤት ከሰል አንድደው ተኝተው በጭሱ የቀሩ ሰዎችን ወሬ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ድንኳን ከዚያ ቤት ይጠባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ቦታ ይወስዳል፤ ኦክስጅን ባነሰበት ከፍታ ላይ ደግሞ ጥፋቱ ይፈጥናል። እግር ለበረደው ሰው በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ቀድቶ፣ በካልሲ ጠቅልሎ መኝታው ውስጥ መክተት ይበቃል።

ስንቅም የራሱ ስሌት አለው። ጨነቅ ላይ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ ቢንተከተኩም አይበስሉም፤ ሩዝ እንኳ ይዘገያል፤ ማገዶ ያልቃል። የደጋው ሰው መንገድ ሲወጣ የሚይዘውን አስቡት፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ሁሉም ቤት ውስጥ በምጣድ የተቆሉ ወይም የተጋገሩ ናቸው፤ ተራራ ላይ የሚፈልጉት ቢበዛ ውኃ ነው። ገብሱ ራሱ እዚያው ከፍታ ላይ የሚበቅል እህል ነው። በሶን በማርና በጨው በጥብጦ ከመጠጣት የሚሻል የዳገት ምግብ አላውቅም፤ ከውጭ በሚመጡ የስፖርት ብስኩቶች ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ ደባርቅ ገበያ ላይ በሶ መግዛት ይሻላል። የምንጭ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣም፤ ንጹሕ ቢመስልም ከብት በላዩ ይሰማራል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ማብሰያው የነጭ ጋዝ ምድጃ ይሁን። የጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን መጫን ክልክል ነው፤ አስታ ቆርጦ ማንደድ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያድገውን ዛፍ ማጥፋት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ጉዞ ይጀመራል። እግረኛ በቡይት ራስ አልፎ የገደሉን አፋፍ ይዞ ሳንቃበር ይገባል። የገደሉ ነገር እዚህ ነው የሚጀምረው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሬት ተሰንጥቆ የወጣው ቅልጥ ዓለት በላይ በላዩ እየፈሰሰ ረጋ፤ በእሱ ላይ ደግሞ ሰፊ እሳተ ገሞራ ተቆለለ። ከዚያ ወዲህ ወደ ተከዜ የሚወርዱ ወንዞችና ዝናብ ሲገዘግዙት ኖረው አንዳንድ ቦታ 1,500 ሜትር የሚደርስ ገደል አወጡ። ከአፋፉ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ ገደሉ ላይ የሚታዩት አግድም መስመሮች የዚያ የእሳት ፍሰት ንጣፎች ናቸው። አንዱ መስመር አንድ ዘመን ነው።

ከሳንቃበር ወደ ጊጭ የሚወስደው መንገድ በጅንባር ፏፏቴ በኩል ያልፋል፤ ውኃው 500 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ወዳለው ሸለቆ ይወረወራል፤ ክረምት እንዳለፈ በመስከረምና በጥቅምት ሙሉ ነው፤ በመጋቢት ይሳሳል። ጊጭ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ጓሳው ይተኛል፤ ጅብራው ተነጥሎ ይቆማል። ቀድሞ እዚህ የእስልምና ተከታዮች የሚኖሩበት መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ ቁጥራቸው ከ400 ቤተሰብ ይበልጥ ነበር። ግጦሹ እንዲያገግም ተብሎ ነው፤ አገግሟልም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ከላሊበላ ጋር ያሰፈረውን ይህን ፓርክ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ አስገብቶት ነበር፤ በ2017 አወጣው። በሜዳው ላይ ስትሄዱ ለዚህ ውጤት ከአያት ቅድመ አያት ቀያቸው የተነሱት ሰዎች ዛሬ ደባርቅ እንደሚኖሩ እወቁ። የበቅሎውንም የስንቁንም ገንዘብ እዚያው ከተማ አውጡት የምለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው አፍንጫ መሰል አፋፍ ነው፤ በሦስት በኩል ገደል ነው። በጠዋት ድረሱበት። ረፋዱ ላይ ከቆላው የሞቀ አየር ሽቅብ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ደመና ይሆናል፤ ከቀትር በኋላ ነጭ ጉም ብቻ ነው የሚታየው። ከጊጭ በእሜት ጎጎ ዞሮ ጨነቅ መግባት ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ ከስሜን የእግር ጉዞ አንድ ቀን ብቻ ምረጥ ብባል ያን ቀን እመርጣለሁ።

በመንገዱ ሁሉ ጭላዳ አይጠፋም። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የትም የለም፤ ከቅርብ ዘመዶቹ ጠፍቶ ያልቀረው እሱ ብቻ ነው። ከዝንጀሮ ወገን በሣር የሚኖር እንደሱ የለም፤ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየነጨ ይግጣል፤ ሲመሽ ነብርና ጅብ ወደማይደርሱበት ገደል ወርዶ ይተኛል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ተመልሶ ይወጣል። ሰው አይሸሽም። ዳቦ መስጠት ግን ክፉ ሥራ ነው፤ የሰው ምግብ የለመደ ጭላዳ ሣሩን ትቶ ድንኳን ይበረብራል፤ የገበሬ ማሳም ይገባል። ዋልያ ለማየት የተሻለው ቦታ ጨነቅ ነው፤ ማለዳ ገደሉ ጥግ በጸጥታ መቀመጥ ብቻ ይጠይቃል። ዋልያንም ጭላዳንም ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቃቸው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ1835 ገለጻቸው። ዋልያ ከስሜን ሌላ በዓለም አይገኝም፤ ይህ ተራራ ቢራቆት የሚሄድበት ሌላ ተራራ የለውም። በሚያዝያ 2019 (እ.ኤ.አ.) በተነሳው እሳት አስታውና ጓሳው ለቀናት ሲነድ፣ ከእስራኤል የመጡ የእሳት ባለሙያዎች ሳይቀሩ ሲረባረቡ፣ የሚያሳስበው ይህ ነበር። የሲጋራ ቁራጭ እንኳ መሬት ላይ አትጣሉ።

ራስ ዳሸን ለሚመኙ መንገዱ ከጨነቅ ቀጥሎ በቧሂት በኩል 4,200 ሜትር የሚደርስ በር ተሻግሮ፣ እስከ መሸሃ ወንዝ ወርዶ፣ እንደገና ወጥቶ አምቢቆ ያድራል፤ በማግሥቱ ሌሊት ተነስቶ ጫፍ ደርሶ መመለስ ነው። በትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን የተማርነው ጫፍ በኋላ ሲለካ 4,550 አካባቢ ሆኗል። ውጣ ውረዱ ጉልበት ይፈልጋል፤ መንገዱም ከጊጭና ከጨነቅ ያነሰ ያምራል። ጊዜ ያላጠረው ይሂድ። ታሪክ የሚወድ ሰው ቢሆን ግን ጃናሞራ ውስጥ ወዳለችው ደረስጌ ማርያም ቢዞር ደስ ይለኛል፤ ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን የካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሠው ድል ያደረጋቸው ካሣ፣ ማለትም አፄ ቴዎድሮስ ነው።

በመስፈሪያዎቹ ሽንት ቤት አለ፤ በመንገድ ላይ ግን ከውኃ 60 ሜትር ርቆ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ፣ አፈር መልሶ መሄድ ያስፈልጋል። ፕላስቲክ አይቀበርም፤ አይቃጠልም፤ ደባርቅ ድረስ ይመለሳል፤ በቅሎዋ ስትመለስ ሸክሟ ቀሏል።

ተመልሳችሁ ደባርቅ ስትገቡ በቀጥታ ወደ ጎንደር አትፈትለኩ። የስካውቱንና የባለ በቅሎውን ሒሳብ በእጃቸው ክፈሉ፤ የማትፈልጉት ሹራብና ጫማ ካለ ለእነሱ ተዉት። ጽሕፈት ቤቱ ገብታችሁም መመለሳችሁን አሳውቁ፤ የተቆረጠ አስታ፣ የተጠመደ ወጥመድ፣ የታመመ እንስሳ አይታችሁ ከሆነ ቦታውን ለይታችሁ ተናገሩ። እናንተ ካልነገራችኋቸው ላያውቁት ይችላሉ።